ከእንዝርት እስከ ኪሮሽ፦ የክር ልክ ታሪክ በአቃቂ በሰቃ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ስለ ድንኳናችን፣ ስለ ወርኃዊ መዋጮና ስለ ለቅሶ ሥርዓት ብዙ ተጽፏል። ስለ ክር ግን የጻፈ የለም። «ክር ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አይጠፋም። እኛም አንድ ነገር ደርሶብን እስክንማር ድረስ እንደዚሁ ስንል ቆይተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአስከሬን ሣጥን የሚሸፈንበት አንድ ነጭ ልብስ እንዲዘጋጅና ዙሪያው በዳንቴል እንዲከበብ ተስማማን። ልብሱ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ነበር። ኪሮሽ የሚችሉ እናቶች በነፃ ሊሠሩ ቃል ገቡ፤ የክሩን ዋጋ እድሩ ቻለ። «ስንት ኳስ ይበቃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ከመካከላችን አንዱ ኳሱን በእጁ መዘን መዘን አድርጎ «ሁለት ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል» አለ። እኛም አመንን።

ክሩ አንድ ወገን ሳይጠናቀቅ አለቀ። መርካቶ ተልኮ ያው ቁጥር፣ ያው ስም ያለው ክር ተገዝቶ መጣ፤ ማታ በመብራት ሲታይ ሁለቱም ነጭ ነበሩና ሥራው ተጨረሰ። ልብሱ በመጀመሪያ የወጣው የአንዲት እናታችን ቀብር ዕለት ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ጊዜ አንደኛው ወገን ወደ ቢጫ ያደላ ሆኖ ታየ። «በሐዘን ቀን ማን ቀለም ያያል» ያሉ ነበሩ። የሟች ልጅ ግን እጇን በዳሩ ላይ እያስኬደች መጥታ ልዩነቱ ጋ ስትደርስ «ይኼ ለምን ተጣፈ?» አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስናስበው ያሳፈረን ገንዘቡ አይደለም። ፈትል የፈተሉ እናቶች ልጆች፣ በክር ፋብሪካ ፊሽካ የነቁ ሰዎች ጎረቤቶች ሆነን ሳለ፣ ክር መለካት አለማወቃችን ነው። ስለዚህ ይህችን ታሪክ ለአባላት ለማካፈል ተነሣን።

እናቶቻችን እንዴት ይለኩ ነበር?

ጥጥ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ወደ ኑባ ምድር ስለ መዝመቱ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ከጠላት ላይ ከጠፋው ሀብት መካከል እህልና ጥጥ ተጠቅሰዋል። እንግዲህ ያን ጊዜም ጥጥ ከእህል ጋር የሚቆጠር ሀብት ነበር ማለት ነው።

የቤት ፈትል ሥራን ሽማግሌዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። ጥጡ ከፍሬው ይዳመጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተልና በልቃቂት ይጠራቀማል። እዚህ ላይ አንድ የሚታለፍ የሚመስል ግን ትልቅ ነገር አለ። ድር የሚሆነው ክር ተወጥሮ በመቃ የሚታሸው ስለሆነ ጠንከር ብሎ መከረር አለበት፤ ማግ የሚሆነው ደግሞ ለስለስና ሞላ ቢል ጨርቁን ያሞቀዋል። ስለዚህ እናቶቻችን ገና አመልማሎውን ሲይዙ «ይህ ለምን ሥራ ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ክር መምረጥ ማለት ይኸው ነው።

ልኩንም ቢሆን በግምት ብቻ አልነበረም የሚያውቁት። ነጠላ ስስ ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ቡልኮ ከዚያም ይወፍራል። ሸማኔው ፈትሉን ሲረከብ ልቃቂቱን በእጁ ከመመዘኑ በፊት ክሩን ጫፉን ስቦ ቅጥነቱን ያየዋል። ምክንያቱም ቀጭን የተፈተለ ልቃቂት ሲይዙት ቢቀልም ሩቅ ይሄዳል፤ ወፍራሙ ከባድ ሆኖ ቶሎ ያልቃል። ጨርቅ የሚሆነው ክብደቱ ሳይሆን ርዝመቱ ነው። የእኛ ሰው ኳሱን በእጁ የመዘነ ዕለት የረሳው ይህንኑ ነበር።

ባቡሩ፣ ፋብሪካውና «ቁጥር»

አቃቂ በሰቃ ከተማ የሆነችው በባቡር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1915 እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ባቡርና መኪና መንገድ ባለበት፣ ወንዝም ባለበት ፋብሪካ ይከተላልና፣ ከፋብሪካዎቹ መካከል ስሙ የገነነው የጨርቃ ጨርቁ ሆነ። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ ግድም ቢርላ ከሚባለው የህንድ የንግድ ቤት ጋር በሽርክና የተቋቋመው የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የህንድ ባለሀብቶች ከሀገራቸው ውጭ ካቋቋሟቸው የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች አንዱ ነው። በ1967 ዓ.ም. ከሌሎች ብዙ ፋብሪካዎች ጋር ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወረ።

ፋብሪካው ወደ ሰፈራችን ያመጣው ደመወዝና ፈረቃን ብቻ አይደለም፤ አንድ አዲስ የልክ ቋንቋም አምጥቷል። እሱም የክር «ቁጥር» ነው። ይህ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር የጥጥ ፋብሪካዎች የተለመደ ነው፤ ከዚያ ወደ ህንድ፣ ከህንድም ወደ እኛ ዘለቀ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ቱባ ክር 840 ያርድ ነው፤ በእኛ መለኪያ 768 ሜትር ያህል ይሆናል። አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ክር፣ ስንት ቱባ ይወጣዋል? 10 ቱባ ከወጣው ክሩ ቁጥር 10 ነው፤ 20 ቱባ ከወጣው ቁጥር 20 ይባላል። በኪሎ ስናሰላው ከቁጥር 10 ክር አንድ ኪሎው 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከቁጥር 20 ግን አንድ ኪሎው 34 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአቃቂ ተነሥቶ ከደብረ ዘይት አልፎ ይሄዳል ማለት ነው!

እንግዲህ ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ ይቀጥናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በመርፌ ልማድ ቁጥር ሲጨምር ውፍረት የሚጨምር ይመስለዋል። በሚሊ ሜትር የሚለካው የሹራብ መርፌ እውነትም እንደዚያ ነው፤ የዳንቴል ክር ግን ተቃራኒው ነው። ቁጥር 10 የዳንቴል ክር ወፈር ያለ፣ ቁጥር 40 ቀጭን ነው።

ሹራብና ዳንቴል ከየት መጡ?

ፈትልና ሽመና የራሳችን ነው፤ ሹራብና ዳንቴል ግን እንግዶች ናቸው። ስማቸው ራሱ ይመሰክራል። «ሹራብ» ግብፆች ካልሲን ከሚጠሩበት የዐረብኛ ቃል ጋር አንድ ነው። የሚገርመው፣ በዓለም ላይ ከተገኙት ጥንታውያን የሹራብ ሥራዎች መካከል ግብፅ ውስጥ የተገኙ፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠሩ የጥጥ ካልሲዎች ይገኙበታል። «ዳንቴል»ና «ኪሮሽ» ደግሞ ፈረንሳይኛ ናቸው። በየሱቁ የምናውቀው ዲ.ኤም.ሲ. የተባለውም ክር እ.ኤ.አ. በ1746 በሙሉዝ ከተማ የተመሠረተ የፈረንሳይ ድርጅት ምርት ነው።

እነዚህ ሥራዎች በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜና ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተላልፈው በሰፈራችን ሥር ሰደዱ። ሬድዮውና ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ሳይለብስ የዋለበት ቤት በዚያ ዘመን ጥቂት ነበር። አራስ ቤት የሚሄድም ሰው የሕፃን ኮፍያና ካልሲ ሠርቶ መያዙ የተለመደ ነበር።

ለየትኛው ሥራ የትኛው ክር?

ስለ ክር ዓይነት ባጭሩ እንናገር። የበግ ፀጉር፣ ማለትም ሱፍ፣ ይሳባል ተመልሶም ይሰበሰባል፤ ለሹራብ የሚመረጠው ለዚህ ነው። የመንዝ በግ ፀጉር ግን ሻካራ ስለሆነ ለባናና ለበርኖስ እንጂ ለሕፃን ገላ አይሆንም። ደብረ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለውም ፀጉሩ ለዚያ ስለሚስማማ ጭምር ነው። ሱፍ ሌላም ጠባይ አለው፤ ርጥብ ሳይመስል የክብደቱን እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ርጥበት ይጠጣል። ስለዚህ በክረምት በሚዛን የገዛ ሰው ውሃም አብሮ ሊገዛ ይችላል።

ጥጥ ገላ አይበላም፣ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ለሕፃንና ለዳንቴል እሱ ይሻላል። ዳሩ ግን አይለጠጥም፤ በጥጥ ክር የተሠራ ትልቅ ሹራብ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይረዝማል። እ.ኤ.አ. ከ1950 ወዲህ ለገበያ የቀረበው አክሪሊክ ደግሞ ርካሽና ቀላል ነው፤ ሆኖም ለእሳት ቅርብ ለሆነ ሥራ፣ ለምሳሌ ለድስት መያዣ፣ አይሆንም። ይቀልጣልና እጅ ያቃጥላል።

ስንት ይበቃል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለመገመት መንገዱ አንድ ነው፤ ትንሽ ሠርቶ መለካት። በሚሠራበት ክርና መርፌ 10 ሣንቲ ሜትር በ10 ሣንቲ ሜትር የሆነች ናሙና ትሠራለች። ከዚያ ተተርትራ ክሩ በሜትር ይለካል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ለአንድ ናሙና 10 ሜትር ያህል ይፈጃል እንበል። የአዋቂ ሹራብ ፊቱና ጀርባው እያንዳንዳቸው 50 በ60 ቢሆኑ፣ ሁለቱ 60 ናሙና ይወጣቸዋል። እጅጌዎቹ በአማካይ 35 በ45 ቢሆኑ፣ ሁለቱ 32 ናሙና ገደማ ይሆናሉ። ድምሩ 92 ናሙና፣ ማለትም 920 ሜትር ነው። ለአንገት፣ ለስፌትና ለስሕተት ከመቶ 15 ሲጨመርበት 1,060 ሜትር ያህል ይመጣል። የ50 ግራሙ ኳስ 120 ሜትር ካለው 9 ኳስ ይገዛል ማለት ነው። ኪሮሽ ለያው ስፋት ከሹራብ መርፌ ይበልጥ ክር ይበላል፤ ስለዚህ የአንዱን ልክ ለሌላው ማዋል አይገባም።

በዚሁ መንገድ የራሳችንን ጥፋት አስልተነዋል። የልብሱ ዙሪያ 6 ሜትር ከ80 ነው፤ አሥር አሥር ሣንቲ ሜትር ብንከፍለው 68 ይሆናል። የሠሩት እናቶች አሥር ሣንቲ ሜትር ዳንቴል ተርትረው ሲለኩ 4 ሜትር ክር ወጣ። 68 ጊዜ 4፣ 272 ሜትር ነው፤ ከመጠባበቂያው ጋር 313 ሜትር። ኳሱ 100 ሜትር ስለነበር የሚያስፈልገን 4 ኳስ ነበር፤ የገዛነው 2 ነው። ይህ ስሌት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሩብ ሰዓት ቆጥበን በሐዘንተኛ ፊት አፈርን።

ሌላው ጥፋታችን የቀለሙ ነው። ክር በአንድ ጊዜ የሚነከረው ወይም የሚነጣው የተወሰነ መጠን ነው፤ የሚቀጥለው ንክር ምንም ቢጠነቀቁለት ትንሽ ይለያል። ለዚህ ነው በኳሱ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ከክሩ ቁጥር ሌላ የንክሩ መለያ ቁጥር የሚጻፈው። ለአንድ ሥራ የሚገዛ ክር ሁሉ የአንድ ንክር መሆን አለበት፤ አንድ ኳስ ቢተርፍ ይሻላል። የተረፈው ለሕፃን ካልሲ ይሆናል።

በመጨረሻም

ልብሱን ምን እንዳደረግነው ለምትጠይቁ፣ ዳንቴሉ በሙሉ ተፈትቶ በአዲስ ክር፣ በአንድ ንክር ተሠርቷል። እናቶቹ ሁለተኛም በነፃ ሠሩ፤ ምስጋናችን የላቀ ነው። የክሩ ወረቀት፣ ናሙናውና ስሌቱም በአንድ ደብተር ተቀምጠዋል።

ያንን ደብተር ግን በእኛ ጥፋት ብቻ መሙላት አንፈልግም። በመካከላችን በእንዝርት የፈተሉ፣ በፋብሪካው ፈተላ ክፍል በፈረቃ ያደሩ፣ ኪሮሽ ለሰፈር ልጆች ያስተማሩ እናቶችና አባቶች ዛሬም አሉ። ለጋቢ ስንት ልቃቂት፣ ለአራስ ሹራብ ስንት ኳስ እንደሚሄድ እነሱ ያውቃሉ፤ የተጻፈ ግን የለም። እኛ እድርተኞች ሰውን በክብር እንቀብራለን፤ አብሮት የሚቀበረውን እውቀት ግን ቆጥረን አናውቅም። ስለዚህ እማማ፣ እትዬ፣ ጋሼ፣ የምታውቁትን እየመጣችሁ ንገሩን፤ መጻፉን እኛ እንጽፋለን።