የመንደር ውሻ፣ የአንድ ሰው ሸክም

ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር በጋሞ ደጋ ከዶርዜ ሕዝብ ጋር ተቀምጦ ካጠናቸው ነገሮች ሁሉ በዓለም የታወቀለት የነብር ጨዋታ ነው። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል አሉት። ሆኖም በእነዚያ ቀናት ከብቱን ያለ ጠባቂ የሚለቅ ዶርዜ አላገኘም፤ ነብሩ ይጹምም አይጹምም በረቱ እንደ ሰኞና ማክሰኞው ይጠበቃል። ስፐርበር በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ያነሣው ስለ እምነት ምንነት ለመከራከር ነው። እኔ ግን ለሌላ ጉዳይ እፈልገዋለሁ፤ ሰው ስለ እንስሳ የሚናገረውና ለእንስሳ የሚያደርገው ለየቅል ሊሆኑ እንደሚችሉ ያሳያልና። ውሻን በዚህ ሚዛን እንየው። በንግግራችን ውሻ የሌለበት ስድብ የለም፤ ደሙን የሚጠይቅለት ያጣ ሟች እንኳ «ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል። ንግግሩን ብቻ የሰማ እንግዳ ይህ ሕዝብ ውሻን አምርሮ ይጠላል ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ግቢ ግቢውን ያየ ግን ሌላ ነገር ይጽፋል።

ግቢውን ለማየት ወደ ጋሞ ቆላ እንውረድ። ምዕራብ ዓባያ ከዓባያ ሐይቅ በስተምዕራብ፣ በውሃውና በደጋው ግርጌ መካከል የተዘረጋ ቆላ ነው። ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ የብርብርን ከተማ አቋርጦ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ሙዝ፣ ማንጎና በቆሎ ነው። በቆሎ ባለበት ዝንጀሮና ከርከሮ አለ፣ ጃርት አለ፤ ሌሊት ደግሞ ጅብ። እንዲህ ባለ አገር ውሻ የሌለው ግቢ ጎደሎ ነው። ለውሻው ተብሎ ከገበያ የሚገዛ ምግብ የለም፤ ከገበታ የተረፈው ይደርሰዋል፣ ከብት የታረደ ዕለት አጥንትና አንጀት ያገኛል። ባለቤቱ አንድ ቤት ቢሆንም ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንን እንደሚጮኽበትና ማንን እንደሚያሳልፍ መንደሩ ለምዶታል። እንክብካቤው ረክሶ የኖረው ለብዙ እጅ ስለተከፋፈለ ነው። ይህን ስል የድሮውን መንደር ገነት ላደርገው አይደለም። ውሻ በድንጋይ ይሳደዳል፣ ሲታመም ሐኪም አያይም። ከአንዲት ውሻ ግልገሎች መካከል ወንዶቹ ለጠባቂነት ተመርጠው ሲሰጡ ሴቶቹ ቡችላዎች ብዙውን ጊዜ ከመንገድ ዳር ወይም ከወንዝ ዳር ይጣላሉ። ዛሬ ጎዳና ላይ የምናያቸው ውሾች አንዱ ምንጭ ይኸው ልማድ ነው፤ የተጣለችው ሴት ከተረፈች ከዓመት በኋላ ራሷ ጎዳና ላይ ትወልዳለች።

ነገሩ የተበላሸው ከተማ ሲመጣ ነው። የጋሞ ጎፋ መዲና ከጨንቻ ደጋ ወርዶ ወደ አርባ ምንጭ የተዛወረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነበር። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ የአርባ ምንጭ ነዋሪ 40,020 ነበር፤ በ1999ኙ 74,879 ደረሰ። ግቢው ጠበበ፣ ተከራይ በዛ፤ ተከራይ ደግሞ ቤት ሲቀይር ውሻውን ይዞ አይሄድም። ምግቡ ከገበታ ሥር ወጥቶ ወደ ሉካንዳ ደጅ፣ ወደ ቄራና ወደ ቆሻሻ መጣያ ሄደ፤ ውሻውም ተከተለው። ሉካንዳ ደግሞ እንደ ቤት ገበታ የዘወትር አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. በትግራይ ጅቦች ላይ የታተመ ጥናት በዐቢይ ጾም ሥጋ ሻጩ ሲዘጋ ጅቦቹ ትራፊ አጥተው አህያ ወደ ማደን እንደሚዞሩ አሳይቷል። የዶርዜው ነብር መጾሙ ያጠራጥራል፤ የሉካንዳ ደጅ እንስሳ ግን ወደደም ጠላም ይጾማል። የከተማ ውሻ እንዲህ ሆኖ የሁሉም መሆኑ ቀርቶ የማንም ሆነ፤ የማንም የሆነ ነገር ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ነው።

ማዘጋጃ ቤቶች ያነሡት መርዝ ነበር፤ ያስነሣቸው ፍርሃት ግን ከንቱ አልነበረም። በአዲስ አበባ የውሾች እብደት ወረርሽኝ በ1903 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ከሥራዎቹ አንዱ ከእንስሳት አንጎል የሚዘጋጅ ፀረ እብደት ክትባት ማምረት ነበር። የተነከሰ ሰው ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዱን ይወጋ እንደነበር የሚያስታውሱ ዛሬም ሞልተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነቱን ክትባት አገሮች እንዲተዉት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መክሯል፤ እኛ ዘንድ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መኮንን ፈቃዱ በኢትዮጵያ በተገኘ ዝርያ ላይ ባደረገው ምርምር ውሻው ምልክት ሳያሳይ እስከ 13 ቀን አስቀድሞ ቫይረሱ በምራቁ ሊገኝ እንደሚችል አሳየ። ሕመሙ ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በአገራችን በየዓመቱ ወደ 2,700 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ በዓለም ደረጃም አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ የጎዳና ውሻ ሲያይ ቢደነግጥ ጨካኝ አያሰኘውም።

ሆኖም መርዙ ፍርሃቱን አላስወገደም። ኦቶማን ኢስታንቡል በ1910 እ.ኤ.አ. ውሾቿን በአሥር ሺዎች ሰብስባ ውሃ በሌለበት ደሴት ላይ ጥላ አስርባ ፈጀቻቸው፤ ከተማዋ ግን እስከ ዛሬ የውሻ ከተማ ናት። በኢንዶኔዥያዋ ፍሎሬስ ደሴት በሽታው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲገባ ውሻው በጅምላ ቢገደልም በሽታው አልወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ1992 እ.ኤ.አ. ውሻን መግደል ብቻውን የውሻን ብዛትም ሆነ የበሽታውን ሥርጭት እንደቀነሰ የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብሎ ደመደመ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ትራፊው እስካለ ድረስ የሞተው ውሻ ቦታ ክፍት አይቆይም፣ ከጎረቤት ቀበሌ ሌላ ይመጣል፣ የተረፉትም ብዙ ግልገል ያሳድጋሉ። ከዚህ የባሰ ነገር አለ። ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ የተቀባ ሥጋ ከሰው እጅ ቀድሞ የሚበላው የትኛው ውሻ ነው? ሰው የለመደው ነው። የተከተበ፣ የተመገበ፣ ስም የወጣለት እርሱ ይሞታል፤ ሰው ፈርቶ በሩቅ የሚዞረውና ክትባት ያልደረሰው ይቀራል። መርዙ ከተማን ከበሽታ ይጠብቅ የነበረውን ውሻ እየለየ ይገድላል ማለት ነው።

የጎዳና ውሻ የሚታደጉ ሰዎች ሐዘን መነሻው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ በዚህ ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው በ2001 እ.ኤ.አ. ሃፕስ የሚባለውን ማኅበር የመሠረቱት ኤፍሬም ለገሰና ሃና ክፍሌ ናቸው። ሥራቸው ከባሌ ተራሮች ጋር የተያያዘ ነበር። እዚያ የቤት ውሻ ጉዳይ ተራ ጉዳይ አይደለም፤ ከ500 በታች የቀረውን ቀይ ቀበሮ ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚጋባበት የእብደት በሽታ ነውና። በ2003 እ.ኤ.አ. በተነሣው ወረርሽኝ ብቻ በሽታው በገባበት ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። የጎዳና ውሻ ለሚታደጉት ደስታው እውነተኛ ነው፤ ማቃለል አይገባም። አገራችን ውስጥ ያደገ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ካየ ድንጋይ ሊያነሣ ነው ብሎ ይሸሻል፤ ጫማ ለማሰር ቢሆንም ልዩነቱን አይጠብቅም። እከክ ገላውን የጨረሰው ውሻ ታክሞ ከሳምንታት በኋላ ጠጉሩ ሲመለስና ጎንበስ ያለውን ሰው ሳይሸሽ ቆሞ ሲጠብቅ ማየት ብዙ ድካም ያስረሳል። ግን ያው ለውጥ ነው የሚያስገድለው። ውሻውን ከእጅ እንዲበላ ያስለመደው ሰው አንድ ማለዳ ከሉካንዳ ደጅ እግሮቹ ተገትረው፣ ጀርባው እንደ ቀስት ተለጥጦ ሲያገኘው የሚያመው ሐዘኑ ብቻ አይደለም፤ «እኔ ባላላምደው ይሸሽ ነበር» የሚለው ጸጸት ይጨመርበታል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ አርኖልድ አርሉክ የእንስሳት መጠለያ ሠራተኞችን አጥንቶ፣ የሚንከባከቡትን በገዛ እጃቸው መግደል የሚያመጣውን መቃወስ ገልጿል። የእኛዎቹ በገዛ እጃቸው ባይገድሉም ከመቃወሱ አያመልጡም። ከስድስት ቡችላ ሁለቱን ብቻ ማንሳት የሚችል ሰው በቀሩት አራት ላይ የፈረደው እርሱ እንደሆነ ይሰማዋል።

ይህን ሐዘን ብዙዎች የርኅራኄ ዋጋ ነው፣ ልቡ የሳሳ ሰው ይችለው ይሉታል። እኔ አልስማማም። የመንደሩ ገበሬ ውሻው ሲሞትበት ያዝናል፤ የሚሰብረው ግን አይደለም፣ ምክንያቱም ሸክሙ የእርሱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የከተማው ታዳጊ የሚሰበረው ቀድሞ ለመቶ ገበታ ተከፋፍሎ የነበረውን ሥራ፣ የማዘጋጃ ቤቱንና የእንስሳት ጤና ቢሮውን ድርሻ ጭምር፣ ብቻውን ስለተሸከመ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ የታዳጊውን ልብ ማደንደን ሳይሆን ሥራውን ወደ ሕዝብ መመለስ ነው።

ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ ማሰብ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ከባድ ነው፣ በስድብም አይመለስም። ግን ይህን የሚል ሰው ሒሳቡን ይይ። በዓለም ላይ በእብደት በሽታ ከሚሞተው ሰው 99 በመቶው በሽታውን ያገኘው ከውሻ ነው፤ ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶውን በየዓመቱ መከተብ የሥርጭቱን ሰንሰለት ይበጥሳል። ውሻን መከተብ የተነከሰ ልጅን በተከታታይ መርፌ ከማዳን እጅግ ይረክሳል፤ የሚጎዳው ደግሞ በብዛት ድሃው ነው፣ ከብርብር ቆላ ገጠር ክትባት ፍለጋ በእግሩ የሚወጣው። ሌሎች ደግሞ በሃይማኖት ይከራከራሉ። ውሻ ቤተ መቅደስ አይገባም፣ እውነት ነው። ነገር ግን በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያን በመንገድ የተከተለው ውሻ ነው፤ የአልዓዛርን ቁስል የላሱትም ውሾች ናቸው። በእስልምናም የዋሻው ሰዎች ታሪክ ውሻቸውን አልተወም። ወግ የከለከለው መቅደስ ማስገባትን እንጂ መመገብን አይደለም።

የቀረው ተቃውሞ የመንደሩ መተሳሰብ አንዴ ከፈረሰ አይመለስም የሚለው ነው። ለሌላ አገር ይሠራ ይሆናል፤ ለጋሞ ግን ማስረጃው ወዲህ ያደላል። ጋሞ ዛሬም ዱቡሻ አለው፤ ሸንጎው ተቀምጦ የጋራ ጉዳይ ይመክርበታል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ የተቆጣው የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ሲነሣ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ያስቆሙት የጋሞ አባቶች ናቸው። ሰው ለመግደል የወጣን ሕዝብ የመለሰ ሥልጣን በአንድ የክትባት ቀን ውሻን ከየግቢው ለማስወጣት፣ ሴት ቡችላ መንገድ ላይ መጣልንም ለማስቀረት አያንስም።

ቀኑ ደግሞ ተገኝቷል። የዓለም የእብደት በሽታ ቀን በየዓመቱ የሚከበረው ሉዊ ፓስተር ባረፈበት ሴፕቴምበር 28 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ነው። መስቀል የጋሞ ትልቁ በዓል ነው። ከአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ሸማኔው ይመጣል፣ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሰንጋ በጋራ ይታረዳል፤ የሩቁም የቅርቡም ውሻ አጥንት ጥበቃ ከደጅ አይጠፋም። የምዕራብ ዓባያ ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በዚያ ሳምንት ክትባታቸውን ይዘው ወደ ዱቡሻው ይውጡ፤ የአርባ ምንጭ ማዘጋጃ ቤት ለመርዝ የሚመድበው ገንዘብ ካለ ለዚሁ ያውለው። ዓለም ከውሻ የሚመጣውን የሰው ሞት ለማስቀረት ቀጠሮ የያዘው ለ2030 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከዚያ የቀሩት መስቀሎች ብዙ አይደሉም።