የሕፃናት መጠጥ ዱቄት አጭር ታሪክ፤ ከሊቢግ ብቅል እስከ ፋፋ

በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንመለስ ዘመዶቻችን ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ የልጆችን መጠጥ የሚመለከት ነው። «እስቲ እናንተ የተማራችሁ ንገሩን፤ ለልጁ ጠዋት ጠዋት የቱን ዱቄት በጥብጠን ብንሰጠው ይሻላል?» ይሉናል። የጠያቂዋ እናት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ከውጭ አገር የመጣውን ቆርቆሮ ከገዛች ለዕንቁላልና ለወተት የሚሆን አይተርፋትም። ስለዚህ የእኛ መልስ ቢሳሳት የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። በግምት ከመናገር ይልቅ እነዚህ ዱቄቶች በማን፥ ለምንና እንዴት እንደ ተሠሩ ታሪካቸውን ብንመረምር ይሻላል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ በጀርመን አገር ነው። ስመ ጥሩው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የእናት ጡት ላላገኙ ሕፃናት የሚሆን የሾርባ አሠራር በ1865 አሳተመ። የሾርባው ዋና ዋና ክፍሎች የስንዴ ዱቄት፥ የላም ወተትና የብቅል ዱቄት ነበሩ። ብቅሉ የገባው ያለ ምክንያት አልነበረም። እህል ተነክሮ ሲያጎነቁል በውስጡ የሚፈጠረው ንጥረ ነገር የዱቄቱን ስታርች እየሰባበረ ወደ ስኳርነት ስለሚለውጠው፥ የወፈረው ሾርባ ይቀጥናል፤ ለሕፃንም ሆድ ይቀላል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1867 ሄንሪ ኔስሌ በስዊስ አገር ከወተት፥ ከስንዴ ዱቄትና ከስኳር የተሠራ የሕፃናት ምግብ ለገበያ አቀረበ። በአሜሪካ ደግሞ የሆርሊክ ወንድማማቾች ብቅልና ወተት ቀላቅለው በማድረቅ በ1883 የፈጠራ መብት አገኙበት። በ1904 በበርን ከተማ ኦቮማልቲን፥ በ1934 በአውስትራልያ ሚሎ ተከተሉ። በእነዚህ በኋለኞቹ ውስጥ ብቅሉ ቢኖርም ካካዎ ታክሎበታል። እንግዲህ ጡት ላጣ ሕፃን ታስቦ የተጀመረው ነገር፥ በሰባ ዓመት ውስጥ ጤነኛ ልጆች ለጣዕሙ የሚወዱት የየዕለት መጠጥ ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን በዚያው ዘመን በሌላ የዓለም ክፍል የነበረው ችግር ከዚህ የተለየ ነበር። ሲስሊ ዊልያምስ የተባለች ሐኪም ዛሬ ጋና በሚባለው አገር ስትሠራ፥ ጡት ከተዉ በኋላ የበቆሎ አጥሚት ብቻ የሚመገቡ ሕፃናት እግራቸው ሲያብጥ፥ ቆዳቸው ሲላላጥና ሲሞቱ አየች። ይህንንም በ1933 ጻፈች፤ በ1935 በአገሬው በጋ ቋንቋ ክዋሺዮርኮር የሚባል መሆኑን አስታወቀች። ትርጉሙ ተከታይ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ይህች ሐኪም በ1939 በሲንጋፖር ባደረገችው ንግግር ደግሞ፥ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተትን በእናት ጡት ምትክ መሸጥን ከነፍስ ግድያ ጋራ አመሳስላ ነቀፈችው። ከዚህ የምንረዳው፥ ሕፃን ሆዱ ሞልቶ እያለ ሊራብ እንደሚችልና የታሸገ ምግብም ሁልጊዜ መድኃኒት እንዳልሆነ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊቃውንቱ ወደየአገሩ እህል ተመለሱ። በጓቴማላ በ1949 የተመሠረተው የመካከለኛው አሜሪካና የፓናማ የምግብ ጥናት ተቋም፥ የበቆሎን ዱቄት ከጥጥ ፍሬ ዱቄትና ከቪታሚኖች ጋራ ቀላቅሎ ኢንካፓሪና የተባለ ርካሽ ዱቄት አወጣ። ሕዝቡ አቶሌ የሚባል የበቆሎ አጥሚት መጠጣት የለመደ ስለ ነበረ፥ ይህም እንደዚያው ተፈልቶ የሚጠጣ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ይህ ክፍል በኋላ የኢትዮጵያ የምግብ ጥናት ኢንስቲትዩት የሆነው ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በ1960ዎቹ የተዘጋጀው ፋፋ ነው። ስሙ ራሱ «ፋፋ፥ ወፈረ፥ አማረበት» ከሚለው የተወሰደ በመሆኑ ለማንም እናት ትርጉም አላስፈለገውም። በውስጡም እህል፥ ጥራጥሬ፥ የወተት ዱቄት፥ ስኳር፥ ቪታሚንና ማዕድን ይገኙ ነበር። እህልና ጥራጥሬ መቀላቀላቸው ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ሽምብራና አኩሪ አተር ይሞሉታል። እናቶቻችን እንጀራን በሽሮ ሲያጎርሱን ይህንኑ ሲሠሩ ኖረዋል።

ይሁን እንጂ ፕሮቲን ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ቆይቶ ታወቀ። በ1973 ዓለም አቀፍ ሊቃውንት የሕፃናትን የፕሮቲን ፍላጎት ቀድሞ ከተገመተው ዝቅ አደረጉት፤ ብዙ ሕፃናት የሚጎድላቸው ጠቅላላው ምግብ መሆኑም ጎልቶ ታየ። የአጥሚት ችግር እዚህ ላይ ነው። ዱቄቱ ሲፈላ ስለሚወፍር እናት ውሃ ትጨምርበታለች፤ ኩባያው ይሞላል፥ ምግቡ ግን ያንሳል። በ1980ዎቹ በታንዛኒያ ስለዚህ ነገር ምርምር ያደረጉ ሰዎች ያገኙት መፍትሔ ጥቂት የብቅል ዱቄት ነበር፤ ወፍራሙ አጥሚት ውሃ ሳይጨመርበት ቀጥኖ ለመጠጣት ተመቸ። ሊቢግ በ1865 የተጠቀመበት ብልሃት ይኸው ነው፤ ብቅልም ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ሁሉ የታወቀ ነው።

የመጨረሻው ነገር የውሃው ጉዳይ ነው። ከማንኛውም ዱቄት ጋራ ያልፈላ ውሃ ከተቀላቀለ ሕፃኑን ተቅማጥ ይይዘዋል፤ የበላውም አይረባውም። የአገራችን በሶ ምንም እንኳ ጥሩ ስንቅ ቢሆን፥ በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚበጠበጥ ይኸው ጥንቃቄ ያሻዋል። የዓለም የጤና ጉባኤ በ1981 በእናት ጡት ምትክ የሚሸጡ ምግቦችን ማስታወቂያ የሚገድብ ደንብ ያወጣው፥ ስለዚህና ስለዋጋው ውድነት ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ነው።

እንግዲህ ለጠያቂዋ እናት የምንሰጠው መልስ ከዚህ ታሪክ የሚወጣ ነው። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ከዚያም በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ሌላ ምግብ ይጨመራል። ዱቄት ሲመረጥ አራት ነገር ይጠየቅ። እህልና ጥራጥሬ አንድነት አሉበትን? በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ዝርዝር ብዛት ያለው አስቀድሞ ስለሚጠራ፥ ስኳር ፊተኛ ሆኗልን? ከሆነ ጣፋጭ ነገር ነው እንጂ የየዕለት ምግብ አይደለም። ውሃው በሚገባ ፈልቷልን? ገንዘቡስ ለዓመቱ ይዘልቃልን? ለአንድ ሳምንት ተገዝቶ ከዚያ ውሃ እየተጨመረበት የሚሳሳ ውድ ዱቄት፥ በቤት ተቆልቶ ከሚፈጭ የገብስና የሽምብራ አጥሚት አይበልጥም። አጥሚቱ ግን የቪታሚንና የማዕድን ነገር ስለሚጎድለው ዕንቁላል፥ ጎመንና ፍራፍሬ ሊጨመርለት ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ያገኙ መምህራንና ጓደኞቻችን ቢያርሙን በደስታ እንቀበላለን። በተለይም በየአገራችሁ ለሕፃናት የሚዘጋጀውን አጥሚትና በሶ አሠራሩን ከእናቶቻችሁ እየጠየቃችሁ ብትጽፉ፥ እኛ ከጀመርነው የበለጠ ለሚመረምሩት ጥሩ መነሻ ይሆናል።