ከክንፍ የተጀመረው ጨዋታ፦ ሬቲና ካፓብላንካ በኒው ዮርክ

በቼዝ ታሪክ ውስጥ አንድ ሽንፈት ከብዙ ድሎች ይበልጥ የሚያስተምርበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 1924 ኩባዊው የዓለም ሻምፒዮን ሆዜ ራውል ካፓብላንካ በቼኮዝሎቫኪያው ተወዳዳሪ በሪቻርድ ሬቲ የተሸነፈበት የኒው ዮርኩ ጨዋታ ከእነዚህ አንዱ ነው። ካፓብላንካ ከ1916 ወዲህ በውድድር ተሸንፎ አያውቅም ነበር፤ ሻምፒዮንነቱንም በ1921 ከኢማኑኤል ላስከር የወሰደው አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ነው።

በዘመኑ ጸንቶ የኖረው ትምህርት፣ ጨዋታ የሚከፍት ሰው ወታደሮቹን አስቀድሞ በገበታው መካከል ማሰለፍ አለበት የሚል ነበር። ምክንያቱም መካከሉን የያዘ ወገን ጠጠሮቹን ወደ ሁለቱም ክንፍ በቀላሉ ሊያዘዋውር ይችላል። ነጩን ይዞ የተጫወተው ሬቲ ግን በመጀመሪያ ፈረሱን አወጣ፤ ቀጥሎ በንግሥቲቱ ክንፍ ያሉትን ወታደሮች ገፋ፤ በሰያፍ የሚሄዱትን ሁለቱን ጠጠሮች ደግሞ በግራና በቀኝ ክንፍ አስቀምጦ ወደ መካከሉ እንዲያነጣጥሩ አደረገ። እስከ 15ኛው እርምጃ ድረስ በንጉሡና በንግሥቲቱ ፊት የነበሩት ወታደሮች ከአንድ ቤት በላይ አልተራመዱም። ይኸውም መካከሉን ሳይሰፍርበት ከሩቅ መቆጣጠሩ ነበር።

በ16ኛው እርምጃ በንግሥቲቱ ፊት ያለው ወታደር ወደ መካከል ሲገፋ የተዘጋው መስመር ተከፈተ። የሬቲ ሁለት ግንቦች በዚያው መስመር ተደራርበው ቆሙ፤ የካፓብላንካ ንግሥት ግን ከቤት ወደ ቤት ተንከራተተች። ሬቲ 31ኛውን እርምጃ እንደ ተጫወተ ሻምፒዮኑ መሸነፉን ተቀበለ።

ይሁን እንጂ አዲሱ ዘዴ መልስ የሌለው አልነበረም። በዚያው ውድድር የ55 ዓመቱ ላስከር ይህንኑ አከፋፈት ገጥሞት፣ ወታደሮቹን በመካከሉ አጽንቶ በመጫወት ሬቲን አሸንፏል። በመጨረሻም ላስከር ከ20 ጨዋታ 16 ነጥብ አግኝቶ አንደኛ ሲወጣ፣ ካፓብላንካ በ14½ ሁለተኛ፣ ሬቲ በ10½ አምስተኛ ሆነዋል።

ሬቲ በ1929 በ40 ዓመቱ ቢሞትም አከፋፈቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እርሱ የናቀው የመካከሉን ጥቅም አልነበረም፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ነው መባሉን እንጂ። በየሙያችን የወረስነውን ደንብ ስንመረምር፣ የደንቡን ዓላማ ከተለመደው አፈጻጸሙ ለይተን እንድናይ ይህ ጨዋታ ያሳስበናል።