ወሎን ስላላየ ደራሲና ደሴን ስላየ ደራሲ

ሁለት እንግሊዛውያን ደራሲዎች ከአገራችን ተነሥተው ልብ ወለድ ታሪክ ጽፈዋል። አንደኛው ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም፤ ሁለተኛው ግን እስከ ደሴ ድረስ መጥቶ የከተማችንን ብርድ ቀምሷል። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከሁለቱ ማንኛው ያወቀን ይመስልሃል ብዬ ብጠይቅህ፥ ያየን ነው እንጂ ያላየንማ እንዴት ያውቀናል ትለኝ ይሆናል። እኔ ግን መጻሕፍታቸውን አከታትዬ ካነበብሁ በኋላ የደረስሁበት ፍርድ ሌላ ነው። (የእንግሊዞቹን ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የአገራችንን ግን በእኛው አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።)

ያላየን ሰው ሳሙኤል ጆንሰን ይባላል። ገና ወጣት ሳለ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የኖረውን የፖርቱጋል ኢየሱሳዊ ቄስ የሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳተመ። በመቅድሙም ላይ፥ ሰው በሚኖርበት አገር ሁሉ በጎነትና ክፋት፥ አእምሮና ስሜት ተቀላቅለው እንደሚገኙ ገለጸ። በ1759 እናቱ በሞተችበት ጊዜ የቀብሯን ወጪ የሚሸፍንበት ገንዘብ ስላልነበረው፥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማታ ማታ እየተቀመጠ «ራሴላስ» የተባለውን ታሪክ ጻፈ። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። የታሪኩ መነሻ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጆች ተዘግተው የሚኖሩበት ቦታ ነው። ይህ አሳብ ከየት እንደ መጣ የወሎ ልጅ ሳይነገረው ያውቀዋል። በአምባሰል ያለችው ግሸን፥ ምእመናን መስከረም 21 ቀን ሊሳለሟት በደሴ በኩል የሚያልፉባት አምባ፥ በጥንት ዘመን ነገሥታት ወንድሞቻቸውን የሚያስቀምጡባት ተራራ ነበረች። ጆንሰን ተራራውን ሸለቆ አድርጎታል፤ ስለዚህ የአገሩን መልክ ፈልጎ የሚያነብ ሰው ምንም አያገኝም።

የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ራሴላስ የንጉሠ ነገሥቱ አራተኛ ልጅ ሲሆን፥ ምቾት በሞላበት ሸለቆ እስከ 26 ዓመቱ ከኖረ በኋላ ልቡ ተከፋ። አንድ ቀን አንዲት ወላጅ የሞተባት ልጃገረድ በከዳተኛ ወዳጇ ስትዘረፍ በአሳቡ ሣለና፥ ሊያስጥላት በእውን ተነሥቶ ሮጠ፤ ተራራው እስኪያቆመው ድረስ ሮጠ። ያን ጊዜ በራሱ ሳቀ። ቀጥሎም በሕልም ብቻ 20 ወር እንዳባከነ ቆጥሮ አዘነ። ከዚያም ጊዜ እንዳያባክን ሲወስን ሌላ አራት ወር አባከነ! (ተማሪ የነበረ ሰው እዚህ ላይ ሳይስቅ አያልፍም።) በኋላ ግን የጎጃም ተወላጅ ከሆነው ከባለቅኔው ከኢምላክ ጋር ተራራውን ሰርስሮ፥ እኅቱን ነቃያንና ደንገጡሯን ፐቁዋን ይዞ ወጣ። በካይሮ ሳለ ስለ ትዕግሥት በሚያምር አንደበት የሚያስተምር ፈላስፋ አግኝቶ አደነቀው፤ ኢምላክ ቢያስጠነቅቀውም አልሰማም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ቢሄድ ፈላስፋው ልጁ ሞታበት፥ ያስተማረው ትዕግሥት ሁሉ ጠፍቶት አገኘው። ፐቁዋን ዐረቦች ማርከው በወሰዷት ጊዜ ደግሞ፥ ነቃያ ከፒራሚዱ ውጭ ትቻት ባልገባ ኖሮ እያለች ራሷን ወቀሰች።

እውነቱን ለመናገር፥ ራሴላስ በአነጋገሩ የሎንዶን ሰው ይመስላል እንጂ የአምባሰል መስፍን አይመስልም። ነገር ግን ይህ ኢትዮጵያዊ ያስባል፥ ይሳሳታል፥ ያፍራል፥ ይማራል። እኔም በመጽሐፍ ውስጥ የዘር ንቀት መኖሩን የምመረምረው በዚህ መንገድ ነው። ስድብን ፈልጎ ማግኘት ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ አንድም የስድብ ቃል የሌለበት መጽሐፍ ንቀት ሊሞላበት ይችላል። ዋናው ጥያቄ፥ ደራሲው ለዚያ ሕዝብ ልጅ ስሕተቱን አይቶ የሚታረምበትን ኅሊና ሰጠው ወይስ ነሣው የሚለው ነው።

ያየን ሰው ኢቭሊን ዎ ነው። መጀመሪያ የመጣው በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ በ1932 ባሳተመው «ብላክ ሚስቺፍ» በተባለው ልብ ወለድ፥ በእንግሊዝ አገር ተምሮ አገሩን ለማሠልጠን የሚደክም አንድ ጥቁር ንጉሥ አሳየን። አስተውሉ፥ ንጉሡ የሚሳቅበት ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ ለመለወጥ ስለ ሞከረ ነው። መጨረሻውም የሰው ሥጋ በሚበላበት ግብዣ ይደመደማል። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ ዎ «ዴይሊ ሜይል» ለተባለው ጋዜጣ ወሬ አቀባይ ሆኖ ተመለሰ፤ በኅዳር ወርም ከጓደኞቹ ጋር ወደ ደሴ መጣ። ልቡ ከኢጣልያ ጋር መሆኑን አልደበቀም።

በዚያው ወር፥ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። እኔ ግን ስለዚያ ቀን ጀግንነት ስጠየቅ አስቀድሜ የማስበው መሣሪያ ያልነበራቸውን ነው፤ ጣራው ከተመታው ሆስፒታል ሳይሸሹ ቁስለኛ ሲያክሙ የዋሉትን ሐኪሞችና አስታማሚዎች ነው። ከልዩ ልዩ አገር የመጡት ሐኪሞች ስለ ድብደባው የተቃውሞ ቴሌግራም ወደ ጄኔቭ፥ ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ላኩ። በዚያ ሆስፒታል ነጩና ጥቁሩ በአንድ ቦምብ ሥር ነበሩ።

ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ደሴ ገባ። ዎ በዚያው ዓመት ስለ ጦርነቱ ባሳተመው መጽሐፍ የኢጣልያን የመንገድ ሥራ ሥልጣኔ ብሎ አመሰገነ። ከአዲስ አበባው የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ሁለት ወር ቆይቶ፥ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም.፥ ያ ሥልጣኔ አንድ ሕግ አወጣ፤ ከአፍሪቃዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣልያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰር የሚል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1938 ዎ «ስኩፕ» የተባለውን ዝነኛ ልብ ወለድ አሳተመ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆቴል ተቀምጠው ጦርነት የሚፈጥሩትን የአገሩን ጋዜጠኞች ያለ ርኅራኄ ይገርፋቸዋል። ነገር ግን እንግሊዛዊው የሚሳቅበት የተሻለ ሊሠራ ሲችል ስላልሠራ ነው፤ የዚያ «እስማኤልያ» የተባለ አገር ሰው ግን የሚሳቅበት በተፈጥሮው ነው። ከዚያ አገር ሕዝብ አንድ ሰው እንኳ ሲያፍር ወይም ሲማር አላገኘሁም። ደራሲው ደሴን አይቷል፤ ቤቱን፥ ጭቃውን፥ በቅሎውን አይቷል።

ያ የተመሰገነ መንገድ ግን ሌላ ታሪክ ተሠራበት። ሚያዝያ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪቃ ብርጌድ ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር ሆኖ ኮምቦልቻን ያዘ፤ ዳገቱንም ወጥቶ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ነጻ አወጣ። የሚገርመው፥ የደቡብ አፍሪቃ ጦር የገዛ አገሩ ጥቁር ልጆች ጠመንጃ ይዘው እንዲዋጉ አይፈቅድም ነበር፤ መኪና ይነዱ፥ ቁስለኛ ይሸከሙ ነበር እንጂ። እዚህ ግን ነጩ ወታደር ጠመንጃ ከያዘ ጥቁር አርበኛ ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ1940 ዓ.ም.፥ በአገሩ የአፓርታይድ መንግሥት ተመረጠ። ጀግንነት ሁልጊዜ ኅሊናን አያሳድግም።

ደግሞ በሌላው ብቻ መፍረድ አይገባንም። በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ውስጥ ዋህድ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ሲወድቅ ልባችን ይደማል፤ ስሙን፥ አባቱን፥ መንትያ እኅቱን እናውቃለንና። በእውነተኛው ታሪክ ግን ስንት ዋህድ በዚህ አገር መንገድ ተነድቶ ሲያልፍ የሚያለቅስለት አልነበረም? ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጣ፤ ፈጽሞ የሚያጠፋው ግን የመጣው ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላም «ባሪያ» የሚለው ቃል በስድብነት ቀረ። እኛስ ያን በስሙ የማንጠራውን ሰው ያስባል፥ ያፍራል፥ ይማራል ብለን ጽፈንለታልን?

ስለ ጆንሰን አንድ ነገር ልጨምር። በጃማይካ በባርነት የተወለደ ፍራንሲስ ባርበር የሚባል ልጅ በ1752 ወደ ቤቱ መጣ። ጆንሰን ትምህርት ቤት አስገባው፤ በ1784 ሲሞትም ከዘመዶቹ ይልቅ ለእርሱ አብዛኛውን ሀብቱን ተናዘዘለት። በሎንዶን ብዙ ሰው በዚህ ኑዛዜ ተቈጣ። ባርበር ጌታው ወደ ተወለደበት አገር ሄዶ ተቀመጠ፤ በኋላም በአቅራቢያው ባለ መንደር ከሚስቱ ጋር ትንሽ ትምህርት ቤት ከፍቶ የእንግሊዝ ልጆችን ፊደል አስተማረ።