የሱባሩ ታሪክና የሌላ መኪና ዕቃ

አገራችን ውስጥ አሮጌ መኪና ሲነሳ የሚወራው ሁለት ነገር ነው፤ ጭስና አደጋ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከራሳቸው ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ታክስ ጫነባቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ለሁለቱም ውሳኔ በቂ ምክንያት መጥቀስ ይቻላል፤ በየዓመቱ ለነዳጅ የምናወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ግን በሁለቱም ጊዜ ብዙም ስሙ ያልተጠራውን ሰው ነው። መካኒኩን።

ለዚህ የመረጥኩት ታሪክ ከአዲስ አበባ ይርቃል። ሱባሩ የሚባለው የጃፓን መኪና ታሪክ ነው። እኛ ዘንድ ሱባሩ ብርቅ ነው፣ መንገዱን የሞላው ቶዮታ ነው። ሆኖም አንድ መኪና ከሌላ በተነቀለ ዕቃ እንዴት ዕድሜው እንደሚረዝም፣ አልፎ ተርፎም እንዴት እንደሚወለድ፣ የሱባሩን ያህል የሚያሳይ አላገኘሁም። መለዋወጫ የሚለው የአማርኛ ቃላችን እንደሆነ ሥራውን አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ ከአንዱ ወስደህ ለሌላው የምትለውጠው ማለት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የተመሠረተው ናካጂማ የተባለ ኩባንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጃፓን ትልልቅ የጦር አውሮፕላን አምራቾች አንዱ ነበር። ሃያቡሳ የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን የእሱ ሥራ ነው። በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ አሸናፊዎቹ አገሮች አውሮፕላን መሥራትን ከለከሉ፣ ናካጂማም ተበታተነ። ያ ሁሉ መሐንዲስና ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። መጋዘኑ ግን ባዶ አልነበረም።

መጋዘኑ ውስጥ ጊንጋ የተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከጅራቱ ሥር የሚገቡለት ትንንሽ ጎማዎች ተከማችተው ነበር። ሰዎቹ እነዚያን ጎማዎች አውጥተው ባለሞተር ስኩተር ሠሩባቸው። ስሟን ራቢት አሏት፣ ጥንቸል ማለት ነው። ጊዜው 1946 ነው። ከተማ ሊያቃጥል ለሚበር ነገር የተሠራ ጎማ ሰውን ሥራና ገበያ ማድረስ ጀመረ። በእኛ ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ ዛሬ በዓለም የታወቀው የመኪና ኩባንያ ጥርሱን የነቀለው በምናለሽ ተራ ሥራ ነው።

በ1953 ከብትኑ የተረፉ ድርጅቶች ተሰባስበው ፉጂ ሄቪ ኢንዱስትሪስን መሠረቱ። በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት ኬንጂ ኪታ ለሚሠራው መኪና ሱባሩ የሚል ስም አወጡለት። ሱባሩ ማለት መጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ ሳይቀር የተጠቀሱት፣ ግሪኮች ፕሊያዲስ የሚሏቸው የተሰበሰቡ ከዋክብት ናቸው። አርማው ላይ ያሉት አንድ ትልቅና አምስት ትንንሽ ከዋክብት ያንን መሰባሰብ ለማመልከት የተቀመጡ ናቸው። በ1958 ሺንሮኩ ሞሞሴ የተባሉት የቀድሞ የአውሮፕላን መሐንዲስ የመሩት ቡድን ሱባሩ 360ን አወጣ። ሞተሩ 356 ሲሲ፣ ክብደቱ ከ400 ኪሎ በታች የሆነ ሚጢጢ መኪና ነበር። አካሉ ያለ ከባድ ሻሲ በራሱ እንዲቆም የተደረገው ሰዎቹ ከአውሮፕላን ሥራ ይዘውት በመጡት ዕውቀት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዛሬ ሱባሩ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው አራቱም ጎማው የሚጎትት መሆኑ ነው። በረዶ፣ ጭቃ፣ ዳገት አይመልሰውም ይባላል፣ ማስታወቂያውም ይህንኑ ነው የሚዘምረው። ይህ ሐሳብ የመጣው ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት አልነበረም። በሰሜናዊ ጃፓን ያለው የቶሆኩ ኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት በበረዶ ወራት ተራራ ላይ የተዘረጋ መስመር የሚፈትሹ ሠራተኞች ነበሩት። ሠራተኞቹ ጂፕ ይነዳሉ። ጂፕ ደግሞ እንደምታውቁት ያደርሳል እንጂ አያመችም፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል፣ ወገብም ይጨርሳል። ድርጅቱ እንደ ቤት መኪና የሚመች፣ እንደ ጂፕ የሚወጣ ነገር ፈለገና በ1970 ጥያቄውን ያቀረበው ለሚያጊ ሱባሩ ነበር። ሚያጊ ሱባሩ መኪና የሚሸጥና የሚጠግን የአካባቢው ወኪል ነው።

ወኪሉ ጋራዥ ውስጥ ያሉት ሰዎች የፊት ጎማው ብቻ የሚጎትት ሱባሩ ወሰዱ። ካምቢዮው ቁመቱን ተከትሎ ወደ ኋላ የተቀመጠ ስለነበር ከጫፉ ዘንግ አውጥቶ ወደ ኋላ ጎማ ማድረስ እንደሚቻል ታያቸው። የጎደለው የኋላ ዲፈረንሻል ነው። ሱባሩ ደግሞ እንዲህ ያለ ዕቃ አልነበረውም። ስለዚህ ከሌላ ኩባንያ መኪና፣ ከኒሳን ብሉበርድ፣ ወስደው ገጠሙበት። ሠራ። ዋናው ኩባንያ ሐሳቡን ተቀብሎ በ1971 የቶኪዮ የመኪና ትርኢት ላይ አቀረበው፤ በ1972 ሊዮኔ የተባለው ባለአራት ጎታች መኪና ለገበያ ወጣ። አንድ ኩባንያ ከሃምሳ ዓመት በላይ እንጀራ የበላበት ነገር የተጀመረው ወኪል ጋራዥ ውስጥ፣ በኒሳን ዲፈረንሻል ነው። እዚህ አዲስ አበባ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሰው "ቅጥቅጥ አደረገው" ተብሎ ይሾፍበታል።

አሜሪካ መግባቱ በጥሩ አልጀመረም። በ1968 ማልኮም ብሪክሊንና ሃርቪ ላም የተባሉ ሰዎች 360ን ማስገባት ሲጀምሩ ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት መኪናው ለደኅንነት ተቀባይነት የለውም ብሎ ጻፈ። ሱባሩን ያነሳው ኋላ የመጣው ባለአራት ጎታቹ ነው። (ስለ ታክስ ካነሳን አይቀር፦ አሜሪካ ለጭነት መኪና 25 በመቶ ቀረጥ ትጥል ስለነበር ሱባሩ ብራት የተባለችውን ትንሽ ፒካፕ ከኋላ ካሳው ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ገጥሞ የሰው መኪና ናት ብሎ አስገባት። ሮናልድ ሬገንም አንድ ነበረቻቸው። ታክስ መኪናን እንዴት እንደሚቀርጽ የሚያጠና ካለ ከዚህ ይጀምር።)

በ1989 ሌጋሲ ከተባለው መኪና ጋር ኢጄ የሚባል የሞተር ቤተሰብ መጣ። የሱባሩ ሞተር ፒስተኖቹ የሚቆሙ ሳይሆኑ ግራና ቀኝ የተኙ ናቸው፤ እንደ ቡጢኛ ወዲያና ወዲህ ስለሚመቱ ቦክሰር ይባላል። ኢጄ ለ30 ዓመት ያህል መሠረቱ ሳይለወጥ ተሠርቷል። ኩባንያው እንደ ቶዮታ የሚፈስ ገንዘብ ስላልነበረው ለየሞዴሉ አዲስ ነገር ከመፍጠር ይልቅ ያለውን እያሻሻለ መቀጠሉ ይመስለኛል ምክንያቱ። ምክንያቱ ያም ሆነ ይህ ውጤቱ ለመካኒክ ሰርግ ነው። ሞተሩን የሚሸከመው ቦታ፣ ከካምቢዮው ጋር የሚጋጠምበት ፊት፣ ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ብዙም አይለይም። ከሌጋሲ የወጣ ለኢምፕሬዛ፣ ከኢምፕሬዛ የወጣ ለፎሬስተር ይሆናል።

ይህ ጥቅሙ የታየው ፋብሪካው ራሱ ሲሳሳት ነው። ከ1996 እስከ 1999 በተሠሩ የአሜሪካ መኪኖች ላይ የገባው ባለ 2.5 ሊትር ሞተር የቴስታታው ጓርኒሲዮን አይበረክትም ነበር። ጋዙ ወደ ራዲያተሩ ውኃ ይገባል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ባለቤቱ መንገድ ዳር ቆሞ ይቀራል። ጓርኒሲዮኑን መቀየር ወጪው ከባድ ነው፣ ቶሎ ላለመድገሙም ዋስትና የለም። የየሰፈሩ መካኒኮች ሌላ መላ አገኙ። የቀደመው ባለ 2.2 ሊትር ሞተር ጉልበቱ ትንሽ ቢያንስም ዕድሜው የታወቀ ነው። እስከ 1996 የተሠራው ደግሞ ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩበትም፤ አዲስ ቺንጋ አስገብተህ መንገድህን ትቀጥላለህ። ስለዚህ ተጋጭታ ከተጣለች ሌጋሲ 2.2ቱን አውጥቶ ግሏን የተበላሸችው አውትባክ ውስጥ መትከል የተለመደ ሥራ ሆነ።

ሥራው ቀላል ነው ቢባልም ማወቅ ይፈልጋል። እስከ 1995 ያለው 2.2 ሞተር በየጎኑ ሁለት የጭስ መውጫ ቀዳዳ አለው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው አንድ ብቻ። ባለ አንዱን ካመጣህ ከማርሚታው በፊት ያለውን የጭስ ቧንቧም አብረህ ማምጣት አለብህ። የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ የሌለበትን ሞተር ከመረጥክ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት አይጠፋልህም። የመኪናው ኮምፒውተር ግን የ2.5 ሆኖ ሳለ 2.2ቱን ተቀብሎ ያሠራዋል። ይህን ሁሉ የባለቤት መመሪያው መጽሐፍ ላይ አታገኘውም። መካኒክ ለመካኒክ፣ ባለመኪና ለባለመኪና እየነገረ ያቆየው ዕውቀት ነው። የ2.5ን አካል ከሌላ ሞተር ቴስታታ ጋር አጋብቶ ፋብሪካው ያላሰበውን ጉልበት ያወጣም አለ፤ እንዲህ ያለው ጋብቻ ግን መጭመቂያውን በትክክል ያላሰላ ሰው ፒስተኑን የሚቀብርበት ነው።

ሞተሩ ከሱባሩ ግቢም ወጥቷል። የቮልስዋገን የኋላ ሞተር እንደ ሱባሩ የተኛ ባለ አራት ፒስተን ስለሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ የቫናገን ባለቤቶች ደካማውን ሞተር አውጥተው ኢጄ ይተክላሉ። የሁለቱ ኩባንያዎች ቡሎን ስለማይገጥም መሐሉ ላይ ማገናኛ ብረት ይገባል። (ቮልስ የሚወድ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ።) ከኢጄ በፊት የነበረውን ኢኤ81 ሞተር ደግሞ ቤታቸው ውስጥ ትንንሽ አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ወስደው ከፊቱ ፕሮፔለር ሰቅለውበታል። አውሮፕላን እንዳይሠራ የተከለከለ ድርጅት ልጅ የሠራው ሞተር፣ በግለሰብ ጋራዥ በኩል ዞሮ ሰማይ ገባ።

ከእኛ ቅርብ ያለችው ኬንያ ሱባሩን በሳፋሪ ራሊ ነው ያወቀችው። ፓትሪክ ንጂሩ በ1990ዎቹ በሱባሩ ሲወዳደሩ ያየ ትውልድ ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ያገለገለ ኢምፕሬዛና ፎሬስተር ይነዳል። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ የሆነው መኪና እንዳይገባ ትከለክላለች፤ የገባውን ግን በኪሪንያጋ መንገድና በግሮጋን ያሉ የመለዋወጫ ሱቆች ያኖሩታል። የእኛው ሶማሌ ተራ ወንድም መሆኑ ነው፤ የራስህን ስፖኪዮ መልሰህ ትገዛለህ የሚለው ቀልድ ሳይቀር።

እንግዲህ ይህ ኩባንያ፣ ከቦምብ ጣይ ጎማና ከኒሳን ዲፈረንሻል የተወለደው፣ ዛሬ የት ቆሟል? በ2020 የማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ ከመቶ 75 ያህሉ ደግፎት አንድ ሕግ አጸደቀ። መኪናው በአየር ወደ ኩባንያው የሚልከውን የምርመራ መረጃ ባለቤቱና እሱ የመረጠው ማንኛውም ጋራዥ ማየት ይችሉ ዘንድ የሚያስገድድ ሕግ ነው። የመኪና አምራቾቹ ማኅበር ፍርድ ቤት ሄደ። ሱባሩ ደግሞ በ2022 ሞዴሎቹ ላይ ለግዛቱ ነዋሪዎች ያንን የመገናኛ ሥርዓት ጭራሽ አጠፋው፤ ኪያም እንዲሁ አደረገ። ሰፈር ካለ መካኒክ ጋር መረጃ ከመካፈል ማንም እንዳይጠቀምበት ማድረግ ተመረጠ። ኩባንያዎቹ የመረጃ ስርቆት ያሰጋናል ይላሉ። ሥጋቱ ባዶ ነው አልልም። ግን ሚያጊ ያለው ወኪል በ1970 የካምቢዮውን ጫፍ ለመክፈት የይለፍ ቃል ቢጠየቅ ኖሮ ሊዮኔ አይኖርም ነበር።

ይህ የማሳቹሴትስ ጉዳይ እኛን የሚነካን በኤሌክትሪክ መኪና በኩል ነው። የነዳጅ መኪና ሲከለከል አገር ውስጥ ያለው ኮሮላና ቪትዝ ምትክ አያገኝም፣ ያረጃል። የሚያኖረው ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና ቴስታታ የሚያውቀው መካኒክ ነው። ቃላቱን ከጣሊያን ወርሶ ሙያውን በእጁ የተማረ ሰው። በሌላ በኩል ለእሱ ያልተከፈተ አዲስ መኪና በየቀኑ ይገባል። ብዙው የሚመጣው በነጋዴ እንጂ በአምራቹ በኩል አይደለም፤ ለቻይና ገበያ ተሠርቶ ስክሪኑ ቻይንኛ የሚያወራ አለበት። ባትሪው ውስጥ አንድ ክፍል ሲደክም ያንን ብቻ መለወጥ ይቻላል ወይስ ሙሉ ባትሪ ይገዛ የሚለው ጥያቄ የሶፍትዌር ፈቃድ ጥያቄ ነው፤ ዋጋው ደግሞ የመኪናውን ዕጣ የሚወስን ነው።

እኔ መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናውን ያቁም አላልኩም። አስመጪ ፈቃድ ሲሰጥ ግን የምርመራ መሣሪያውን፣ የጥገና መጽሐፉንና የባትሪ መለዋወጫውን አብሮ እንዲያመጣ፣ ለማንኛውም ፈቃድ ላለው ጋራዥም በተመጣጠነ ዋጋ እንዲሸጥ ማስገደድ ይቻላል። ለቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ከሚገባው ውስጥ ጥቂቱ ተፈትቶ የሚጠና ሆኖ ቢሰጥ ወጪው ከአንድ ሰሞን አውደ ጥናት አይበልጥም። ይህን መጠየቅ ያለበት ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ኮሮላ ሥር የተኛው የጋራዥ ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን እንደሚጠግን የሚወሰነው አሁን በሚወጡት መመሪያዎች ነው።