ከፒሪ ጫካ እስከ ቦክስሙር

ምስጢራዊ ጽሑፍ መፍታት፣ ማለትም የሌላን መንግሥት የተቆለፈ መልእክት ቁልፉን ሳይዙ ከፍቶ ማንበብ፣ በአውሮፓ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የቋንቋ ሊቃውንት ሙያ ሆኖ ቆይቷል። ሙያው ወደ ሒሳብ ሰዎች እጅ መሻገሩን፣ ነባሮቹም ባለሙያዎች ይህን ለመቀበል ምን ያህል እንደተቸገሩ ከሚያሳዩት አጋጣሚዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1939 መጨረሻ ከዋርሶ በስተደቡብ፣ በፒሪ አጠገብ ባለው የካባቲ ጫካ የተካሄደው የሦስት አገሮች ስብሰባ ነው። የብሪታንያና የፈረንሳይ እንግዶች፣ ለዓመታት ያልተሳካላቸውን የጀርመን ጦር የምስጢር መጻፊያ ማሽን ፖላንዳውያኑ ከስድስት ዓመት ተኩል በፊት ፈትተውት እንደነበር የሰሙት በዚያ ጫካ ውስጥ ነው።

ኤኒግማ የሚባለው ይህ ማሽን የጽሕፈት መኪና የሚመስል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲሆን፣ ፊደል በተመታ ቁጥር በውስጡ ሽቦ የተዘረጋባቸው ዲስኮች እየዞሩ ያንን ፊደል በሌላ ይተኩታል። የፖላንድ ጦር የምስጢር ጽሑፍ ክፍል ማሽኑን በቋንቋ ጥበብ ብቻ መርታት እንደማይቻል ቀድሞ ስለተረዳ፣ በ1929 በፖዝናን ዩኒቨርሲቲ ለሒሳብ ተማሪዎች ልዩ ኮርስ ከፈተ። ፖዝናን የተመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከተማዋ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በፕሩሲያ ሥር ስለነበረች ወጣቶቿ ጀርመንኛ አሳምረው ያውቁ ነበር። ከእነዚህ መካከል ማሪያን ሬየፍስኪ፣ ሄንሪክ ዚጋልስኪና የዢ ሩዢትስኪ በሴፕቴምበር 1932 ዋርሶ ገብተው ሥራ ጀመሩ። ሬየፍስኪም በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ስለ ፊደላት መቀያየር ሕግ በሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ እየታገዘ የዲስኮቹን የውስጥ ሽቦ አሠራር በስሌት ደረሰበት። ለዚህ ስሌት የረዱት ሰነዶች የፈረንሳይ ስለላ ከአንድ ጀርመናዊ በገንዘብ ያገኛቸውና ሻለቃ ጉስታቭ በርትራን ለዋርሶ ያቀበላቸው ነበሩ፤ ሆኖም ሰጪው በርትራን እንኳ የውጤቱን ወሬ እስከ 1939 ድረስ አልሰማም። እንዲህ ያለው ዝምታ ለወዳጅ የሚከብድ ቢሆንም፣ በሁለት ኃያላን መካከል ለተቀመጠች አገር ከጥንቃቄ የሚቆጠር ነበር።

በጃንዋሪ 1939 ሦስቱ ወገኖች ፓሪስ ላይ ተገናኝተው ነበር፤ ፖላንዳውያኑ ግን ሌሎቹ የሚያካፍሉት ነገር ካላመጡ ምንም እንዳይናገሩ ታዝዘው ስለነበር ስብሰባው ያለ ፍሬ ተበተነ። አቋማቸውን የለወጠው የጦርነቱ መቃረብና የአቅም ማነስ ነው። ጀርመኖች በዲሴምበር 1938 ለማሽኑ የሚመረጥባቸውን ዲስኮች ከሦስት ወደ አምስት ስላሳደጉ፣ ሊፈተሹ የሚገባቸው የዲስክ አሰላለፎች ከ6 ወደ 60 አሻቀቡ፤ ዚጋልስኪ ለዚሁ ፍተሻ የፈለሰፋቸውን በብዙ መቶ ቀዳዳዎች የተበሱ ወረቀቶች በምላጭ እየቆረጡ ማዘጋጀትም ከጥቂት ሰዎች ጉልበት በላይ ሆነ።

ከብሪታንያ ወደ ፒሪ ከመጡት አንዱ ዲሊ ኖክስ፣ በሙያው የጥንታዊ ግሪክኛ ሊቅ፣ የተበጣጠሱ ፓፒረሶችን እየገጣጠመ በማንበብ የተካነ ሰው ነበር። አለቃው አላስተር ዴኒስተን በኋላ በጻፈው ማስታወሻ እንደሚተርከው፣ ኖክስ ገለጻውን ፊቱን አጨፍግጎ በዝምታ ካዳመጠ በኋላ፣ መኪና ውስጥ ሲገቡ እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው የለም ብሎ በማሰብ፣ ፖላንዳውያኑ ውሸታሞች ናቸው፣ ማሽኑን ቢሰርቁት ወይም ቢገዙት እንጂ ራሳቸው አልፈቱትም ሲል ተቆጣ። የቁጣው ሥር አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ የፊደል ቁልፎቹ ወደ ዲስኮቹ የሚገናኙት በምን ቅደም ተከተል ነው? ለገበያ በተሸጠው ኤኒግማ ሽቦዎቹ የጽሕፈት ቁልፎቹን አሰላለፍ ይከተሉ ስለነበር፣ ኖክስ የጦሩ ማሽን ከዚህ የባሰ የተወሳሰበ ቅደም ተከተል እንዳለው ገምቶ ብዙ ደክሟል። ሬየፍስኪ ግን ጀርመኖች ሥርዓት ወዳዶች ናቸውና በፊደል ተራ ደርድረውት ይሆናል ብሎ ሞከረው፤ ልክም ሆነ። ሊቁን ያበሳጨው የመልሱ ቅለት ይመስላል፤ ከባድ ነገር አስቸግሮት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተቆጣ ነበር።

በማግስቱ ኖክስ ከአለቆቹ ይልቅ ከሦስቱ ወጣቶች ጋር ሲቀመጥ ፍጹም ሌላ ሰው ሆነ፤ ሬየፍስኪም እንግዳው ነገሩን በፍጥነት እንደተረዳ ከብዙ ዓመታት በኋላ አስታውሷል። ኖክስ አገሩ እንደገባ ስለ ትብብራቸውና ስለ ትዕግሥታቸው የሚያመሰግን አጭር ደብዳቤ በፖላንድ ቋንቋ ላከላቸው፤ ከደብዳቤው ጋር የራሱ የፍቺ ዘዴ መሣሪያ የነበሩትን ትንንሽ ዘንጎችና የፈረስ እሽቅድምድም ሥዕል ያለባቸውን የሐር መሐረቦች አያይዟል። ትዕግሥታቸውን ማንሳቱ የመኪናውን ንግግር ለሚያውቅ አንባቢ ከይቅርታ ጥያቄ ብዙ አይርቅም።

ፖላንዳውያኑ የሠሩት የማሽኑ ቅጂ በኦገስት 1939 ለንደን ገባ፤ በቀጣዩ ወር ጦርነቱ ተነሣ። ሦስቱ በሩማንያ በኩል ፈረንሳይ ደርሰው ከበርትራን ጋር መሥራት ቀጠሉ፤ ሩዢትስኪ ግን በ1942 መጀመሪያ በሜዲትራኒያን ባሕር መርከብ ሰጥሞ ሞተ። ሬየፍስኪና ዚጋልስኪ ብሪታንያ የደረሱት በ1943 በጋ ሲሆን፣ ኖክስ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ አርፎ ነበር። የኤኒግማ ሥራ የብሪታንያ ምስጢር ፈቺዎች ማዕከል በነበረው በብሌችሊ ፓርክ በሰፊው ይካሄድ የነበረ ቢሆንም፣ ሁለቱ በለንደን አቅራቢያ ቦክስሙር በሚባል ስፍራ በፖላንድ ጦር ክፍል ውስጥ አነስተኛ ደረጃ ያላቸውን የጀርመን ምስጢሮች እንዲፈቱ ተመደቡ፤ ወደ ብሌችሊም አልተጠሩም።