«ሶሻል ተምረህ ምን ልትሆን?»

አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገቡ አንድ ጥያቄ ይጠብቃችኋል፦ ናቹራል ነው ሶሻል? ናቹራል ያለ ይመረቃል። ሶሻል ያለ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል፦ «ተምረህ ምን ልትሆን?» ጠያቂው አንዳንዴ አጎት ነው፣ አንዳንዴ ጎረቤት፣ አንዳንዴም ራሳችን። እስቲ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ከታሪክ መልስ እንፈልግ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር የነበሩት ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። ዛሬ አንድ የመማሪያ ክፍል እንኳ በቅጡ አይሞሉም። በ1961 ኮሌጁ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጠቃሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡት። አሁን ስድስት ኪሎ የምንለው ግቢ ይኸው ነው። በ1963 እዚያው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ።

ታሪክ ለመማር የገቡት ተማሪዎች ግን አንድ ችግር ገጠማቸው። ስለ አገራችን የተጻፈው አብዛኛው ነገር ወይ የነገሥታት ዜና መዋዕል ነው፣ ወይ የውጭ አገር ተጓዦች ማስታወሻ። ዜና መዋዕሉ ንጉሡ ስላበሉት ግብር በደንብ ይነግረናል፤ ግብር ስለከፈለው ገበሬ ግን ብዙም አይነግረንም። የገበያው፣ የሲራራ ነጋዴው፣ የባላባቱና የጭሰኛው ታሪክ የት ይገኛል? በሰው ትዝታ ውስጥ ነው። ትዝታ ደግሞ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

መፍትሔው የመጣው ለመመረቅ ከሚያስፈልገው አንድ የቤት ሥራ ነው። በታሪክ ትምህርት ክፍል የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የመመረቂያ ጽሑፍ ማዘጋጀት ያስፈልግ ነበር። ታዲያ ብዙዎቹ ተማሪዎች የሚያውቁትን መረጡ፤ የትውልድ አካባቢያቸውን። ወደየአገራቸው ሄደው ሽማግሌዎች ፊት ተቀመጡ፣ ጠየቁ፣ ጻፉ።

ይህ «አያቴ ያወሩኝ ተረት» ማለት አይደለም። ዘዴ አለው። ለምሳሌ በ1970 አንድ ሽማግሌ «እኔ የተወለድኩት በአድዋ ዘመቻ ዓመት ነው» ቢሉ፣ የአድዋ ጦርነት በ1896 ስለሆነ ዕድሜያቸው 74 ገደማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በ1916 የሰገሌ ጦርነት ሲካሄድ የ20 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ያዩትን መናገር ይችላሉ። ስለ አድዋ ራሱ የሚነግሩን ግን የሰሙትን እንጂ ያዩትን አይደለም። ተማሪው ይህን መለየት አለበት። ከዚያ ሌላ ሽማግሌ ይጠይቃል፤ ከተቻለ ከሌላ ወገን፣ ከሌላ ቤተሰብ። ሁለቱ የተስማሙበትን ይይዛል፣ ያልተስማሙበትን ደግሞ ለምን እንዳልተስማሙ ይመረምራል። ደብዳቤ ወይም የግብር ደረሰኝ ከተገኘ ያመሳክራል። ይህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሚሠራው ሥራ በምን ያንሳል?

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ትምህርቱ ሲቀጥል ግን የመመረቂያ ጽሑፎቹም ቀጠሉ፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ስለ አንድ አካባቢ ወይም ስለ አንድ ጉዳይ እየተናገረ መደርደሪያው ሞላ።

ከዚያስ? በ1991 የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ዛሬ በመስኩ በብዛት ከሚነበቡት መጻሕፍት አንዱ ነው። መጽሐፉ ከተደገፈባቸው ምንጮች መካከል እነዚሁ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ይገኛሉ። ለዲግሪ ሲሉ ከሽማግሌ እግር ሥር የተቀመጡ ልጆች ሳያውቁት የአገር ታሪክ መሠረት ድንጋይ እያቀበሉ ነበር።

ከ2008 ጀምሮ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሰብአዊ ጥናቶች መደበ። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም፤ ድልድይ፣ ፋብሪካና ሆስፒታል ባለሙያ ይፈልጋሉ። ግን ግድቡ የሚሠራበት ሸለቆ ውስጥ ማን ይኖር እንደነበር፣ መሬቱ የማን እንደነበረና ለምን ሁለት መንደር እንደሚጣሉበት ጠይቆ የሚመዘግብም ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህን የሚያስተምረው ትምህርት ትርፍ አይደለም።

አንድ ያልተከፈለ ዕዳም አለ። የዩኒቨርሲቲው የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ጽሑፎቹ የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው። ሽማግሌው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ ያወሩት ታሪክ እሳቸው በማያነቡት ቋንቋ ተጽፎ አዲስ አበባ ቀረ። አብዛኛው አልታተመም፤ ወደ መንደሩም አልተመለሰም። ይህን የሚመልስ ሰው ሁለት ቋንቋና የታሪክ ዘዴ ያስፈልገዋል። እንግዲህ «ምን ልትሆን?» ለሚላችሁ አንዱ መልስ ይኸው።

ሌላውን መልስ በሒሳብ እንየው። በ1974 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዘማች ዛሬ ከ70 አልፏል። አድዋ ዓመት ከተወለዱት ሽማግሌ ጋር ዕድሜው ተቀራርቧል ማለት ነው። የያኔዎቹ ጠያቂዎች አሁን መላሾች ሆነዋል። ምናልባት አንዱ እናንተ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጦ ዜና እያየ ይሆናል። ቴሌቪዥኑን ቀነስ አድርጉና «ጋሼ፣ ዘመቻ የት ደረሰዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። ያዩትን ከሰሙት ለይታችሁ ጻፉ፤ ቀኑንም መመዝገብ አትርሱ።